ሰጂዳ ያጠበቻቸው አሥራ ሁለት ወረቀቶች

ሰጂዳ ቁጭ ብላ ያየኋት መኪና ስትነዳ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ቀይ መብራት በያዛት ቁጥር ከበሩ ኪስ ጨርቅ አውጥታ መሪውን ትወለውላለች። ቤቷ ስሄድ ሻይ ታቀርብልኝና ገና ሁለቴ ሳልጎነጭ ብርጭቆውን ልትቀበለኝ እጇን ትዘረጋለች። "ጨረስሽ?" ትለኛለች። "ኧረ ተዪኝ አንቺ ሴት፣ አሁን መጀመሬ ነው!" እላታለሁ። እስክጨርስ ድረስ መጋረጃውን ታስተካክላለች፣ የተስተካከለውን ትራስ መልሳ ታስተካክላለች፣ ከዚያ ደግሞ መጥታ ትቆምብኛለች። ባሏ ሀምዳን ታጋሽ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ቢሆን ለይቶለት ነበር።

እኔ ታደለች እባላለሁ። ስካይላይን በሚባለው ሕንፃ ላይ ከእሷ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ የምኖር ጎረቤቷ ነኝ። እሷ የወሎ ሙስሊም ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በሃይማኖት ተጨቃጭቀን አናውቅም፤ የምንጨቃጨቀው በሻይ ብርጭቆ ነው። ሥራችንም አንድ ነው። ኤጀንሲው በሚልከን ቤት እየሄድን አዛውንት እንጦራለን፤ እናጥባለን፣ እናበላለን፣ መድኃኒት እናስታውሳለን። ሰጂዳ በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ክላየንት ቀይራለች። ሰነፍ ሆና አይደለም። አንዲት አሮጊት ለኤጀንሲው ደውለው "ይቺ ልጅ በገዛ ሶፋዬ ላይ አላስቀምጥ አለችኝ" ብለው ከሰዋታል። ሌላው ደግሞ "ጋዜጣዬን ሳላነበው ትጥለዋለች" አሉ።

ዘጠነኛው ኦስታድ ባህማን ናቸው። በፈረንጆቹ 2007 መጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡ ኢራናዊ ነበሩ። "ኦስታድ" በእነሱ ዘንድ መምህር ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ስለሚጠራቸው እኛም ተከተልን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰጂዳ፣ ቅዳሜ ደግሞ እኔ ነበርን። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት በቁም ጽሕፈት ነው፤ የፋርስን ፊደል በሸምበቆ ብዕር እያስጌጡ መጻፍ። መስኮቱ ሥር አጭር ጠረጴዛ አላቸው። እዚያ ላይ የተቀረጹ ብዕሮች፣ ውስጡ የሐር ክር የተነከረበት የቀለም ዕቃና ወረቀት የሚያለሰልሱበት ድንጋይ ይቀመጣሉ። ወረቀቱን በእንቁላል ነጭ ቀብተው ያደርቁትና እንደ መስታወት እስኪያንሸራትት ድረስ በድንጋዩ ይፈትጉታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው።

ቤቱ ውስጥ ዋናው ነገር ግን የሚስታቸው ሥዕል ነበር። ወይዘሮ ቱራን ሠዓሊ ነበሩ። ካንሰር እንደያዛቸው ሲሰሙ፣ ልጅ ሳሉ እናታቸው የነገሯቸውን አንድ ተረት በአሥራ ሁለት ገጽ ሳሉት፤ ሰማዩ ወርቅ፣ ዛፉ ሮዝ አበባ፣ ሰዎቹ የጣት ቁመት የማያህሉ። ቅንድባቸው ሳይቀር በየፀጉሩ ተስሏል። በወጉ ቢሆን ጸሐፊው ቀድሞ ይጽፋል፣ ሠዓሊው በተረፈው ቦታ ይስላል። ወይዘሮ ቱራን ጊዜ እንደሌላቸው ስላወቁ ቀድመው ስለው፣ በየገጹ ለባላቸው ጽሑፍ አንድ አንድ ባዶ ቦታ ትተው በ2005 ሞቱ። ኦስታድ በሚንቀጠቀጥ እጅ በሚስታቸው ሥዕል ላይ በቀጥታ መጻፍ ፈሩ። ስለዚህ በሌላ ወረቀት ጽፈው በባዶው ቦታ ሊለጥፉ ወሰኑ። እጃቸው ረጋ የምትልበት ቀን በሳምንት አንዴ ብትገኝ ነው። ሰጂዳ ስትመጣ አራተኛውን እየጻፉ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን "ጠረጴዛዬን እንዳትነኪ" አሏት። አልነካችም። ስለ ወለሉ ግን ምንም አላሏትም።

አሁን ስለ ሰጂዳ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቷ ወሎ ውስጥ ኪታብ እየገለበጡ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። እሷም ልጅ ሳለች ከእንጨት ሉህ ላይ የዐረብኛውን ፊደል ተምራለች። ቁርአን አሳምራ ታነባለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቅም፤ እንደ ብዙ ሰው። እና ያ ፊደል ለሰጂዳ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአላህ ቃል። ፋርሶች በዚያው ፊደል ደብዳቤም፣ የገበያ ዝርዝርም፣ ተረትም እንደሚጽፉ ማን ይንገራት? ኦስታድ አልነገሯት፣ እሷም አልጠየቀች። ያንን ክፍል አቧራ ልታራግፍ በገባች ቁጥር ለሶላት እንደሚደረገው ውዱእ ታደርጋለች። ኦስታድ ደግሞ ለእኔ ቅዳሜ ቅዳሜ "ጓደኛሽ ምን ሆና ነው እግሯን ሁሉ የምትታጠበው?" ይሉኛል። እኔም ሳላስብበት "ጽዳት ትወዳለች" አልኳቸው። ያኔ ቢገባኝ ኖሮ!

በኅዳር 2009 አንድ ሐሙስ ኦስታድ አሥራ ሁለተኛውን ጽፈው ጨረሱ። ልጃቸው መህናዝ ቅዳሜ ከካሊፎርኒያ መጥታ አብረው ሊለጥፉ ተቀጣጥረዋል። ደስታ አላስቀምጥ ብሏቸው ሁሉንም በተራ ምንጣፉ ላይ ዘረጓቸውና ከላይ ሆነው ሲያዩ ዞረባቸው፤ ወደቁ። ሰጂዳ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ ናይን ዋን ዋን ደወለች። ሦስት ግዙፍ የአምቡላንስ ሰዎች ቡትስ እንዳደረጉ ገቡ። ሽማግሌውን በቃሬዛ አንስተው ሲወጡ የሚረግጡትን ማን ያያል።

በሩ ሲዘጋ ሰጂዳ ብቻዋን ቀረች። ምንጣፉ ላይ የአላህ ቃል ተበትኖ፣ በአንዱ ላይ የጫማ ሶል ታትሞበት አየች። በእሷ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ከአባቷ ተምራለች። የተረገጠ ወይም ያረጀ ጽሑፍ አይጣልም። በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ውኃውም እግር በማይረግጠው ቦታ ይፈስሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ነገ እጠይቃለሁ ይላል። ሰጂዳ ነገ የሚባል ነገር አታውቅም። የተረገጠው አንድ ብቻ ቢሆንም የቀሩትስ ከዚያው ወለል ላይ አይደሉም? ውዱእ አደረገች፣ ቢስሚላህ አለች፣ አዲስ ጎድጓዳ ሳህን አወጣች፣ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አጠበች። በእንቁላል የተለሰለሰ ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ የሦስት ዓመት ሥራ ጥጥ በነካው ቁጥር ለቀቀ። ጥቁሩን ውኃ ድስት ውስጥ ገልብጣ በሊፍት ወረደችና ከሕንፃው ጀርባ በአጥር የተከለለ ዛፍ ሥር አፈሰሰችው። ወረቀቶቹን በንጹሕ አንሶላ ላይ አሰጥታ ቤቷ ሄደች። ማታ "ታዱ፣ ዛሬ ትልቅ ነገር ነው የሠራሁት" ብላኛለች። ሰውየውን ስለማዳኗ የምታወራ መስሎኝ "እግዚአብሔር ይባርክሽ" አልኳት።

ቅዳሜ እኔ ቤቱ ውስጥ ሳለሁ መህናዝ ከሆስፒታል መጣች። የአባቷ ዳሌ ተሰንጥቋል፣ ግን ይድናል። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ "ጽሑፎቹስ? አባባ ምንጣፉ ላይ ናቸው ብሎኛል" አለች። እኔ ያየሁት አንሶላ ላይ የተሰጡ ባዶ ወረቀቶች ብቻ ነው። ሰጂዳ አንስታቸው ይሆናል ብዬ ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩላት።

"ወረቀቶቹን የት አደረግሽ?"

"አንሶላው ላይ ናቸው። አጠብኳቸው እኮ! ሰዎቹ ረግጠውት ነበር፣ አስተግፊሩላህ፣ የቁርአን ቃል..."

"ሰጂዳ" አልኳት። "ቁርአን አይደለም። ተረት ነው። ስለ አንድ ሲራራ ነጋዴና ስለ በቅሎው። ኦስታድ ነግረውኛል።"

በትንሽ ድምፅ "ለበቅሎ ነው ውዱእ ሳደርግ የከረምኩት?" አለች። በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር።

ገብቼ ለመህናዝ ዋሸሁ። "ሰጂዳ ደህና ቦታ አስቀምጣቸዋለች፣ አትጨነቂ" አልኳት። አመነችኝ። ሰኞ ወደ ሥራዋ በረረች። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያም የባሰ መክሬያለሁ። መኪና ውስጥ ሰጂዳን "አምቡላንሶቹ ናቸው ያበላሹት በይ። ማን ያውቃል?" አልኳት።

"እኔ በገዛ እጄ አጥቤ?" አለችኝ። ግን እንቢም አላለችም።

ኦስታድ ሪሃብ፣ ማገገሚያው ቤት፣ በቆዩበት አምስት ሳምንት ሰጂዳ የሰው መልክ አልነበራትም። ባዶ ቤት እየሄደች የታጠበውን ታጥባለች። ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ መውጫዋን አልፋ ቤተዝዳ ደርሳ ትመለሳለች። ሥራውን ማጣቱ አልነበረም የሚያንገበግባት። "የሚስታቸውን ነው ያጠብኩት ታዱ። እጃቸው ደግሞ ሌላ አይጽፍም። ሲሞቱ ባዶ ሆኖ ይቀራል" ትላለች። ያ ነበር ነገሩ። ወይዘሮ ቱራን ለባላቸው የተዉት ቦታ ሳይሞላ ሊቀር ነው።

አንድ ቀን ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ስታየው ጽሑፉ ፈጽሞ እንዳልጠፋ አስተዋለች። ቀለሙ ለቅቋል፤ ጠጋ ብሎ ዘንበል ሲያደርጉት ግን የፊደሉ ጥላ፣ ሽሮ ዕቃ ላይ እንደሚተወው ዓይነት ቀጭን እድፍ ቀርቷል። ሰጂዳ ይህን አይታ ዝም ልትል? የኦስታድን ብዕር አነሳች፣ ቀለም ነከረች፣ በጥላው ላይ እየተከተለች የመጀመሪያውን ወረቀት ሞላችው። አሳየችኝ። ለእኔ ዓይን ምንም አይልም ነበር። "አሥራ አንድ ብቻ ቀረኝ" አለችኝ፤ ፊቷ ግን ያስፈራ ነበር። ሁለተኛውን አልጀመረችም። ለሦስት ቀን ብዕሩን እያነሳች መልሳ አስቀመጠችው።

ኦስታድ በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ተመለሱ። ተራው የእኔ ነው፤ ሰጂዳ ግን ጠዋት ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ፊታቸው ተንበርክካ የሆነውን ነገረቻቸው፤ ቡትሱን፣ ውኃውን፣ ዛፉን። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ሰጂዳ ግን በድምጿ ትጨምርበታለች። እኔም ስለ ውሸቴ ተናገርኩ።

ኦስታድ ወረቀቶቹን አስመጡ። አንዱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ብዙ አዩት። "ሦስት ዓመት" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ጥሩ አጥበሻል። ተማሪ ሳለን የጻፍነውን ሁሉ እናጥብ ነበር፣ ወረቀት አይገኝም ነበርና" አሉ። ተንፈስ ልንል ስንል ሰጂዳ የሞላችውን ወረቀት ደረሱበት።

"ይህን ማን ጻፈ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን ፈቀደልሽ?" ብለው ጮኹ። ያ ደካማ ሽማግሌ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። በእነሱ ሥርዓት ተማሪ መምህሩ ሳይፈቅድለት በመምህሩ ሥራ ላይ ብዕር አያሳርፍም፣ ስሙንም አይጽፍም፤ ለፈቃዱ ዓመታት ይጠብቃል። እሷ ግን መማሯን እንኳን ሳታውቅ የሰውየውን የእጅ ጽሕፈት ሰርቃ ነበር። ኦስታድ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የእሷን ፊደል ካንድ ጫፍ ጀምረው አጠፉት። ላጠበችው ይቅር ብለዋታል፤ ለጻፈችው ግን ለአራት ቀን አላናገሯትም።

በአምስተኛው ቀን ወንበር አምጥተው ከጎናቸው አስቀመጡ። "ቁጭ በይ" አሏት።

"ሥራ አለብኝ ኦስታድ፣ ልብስ ማሽን ውስጥ..."

"ሥራሽ ይሄ ነው። ክንዴን ያዥ።"

እንዲህ ሆነ። ኦስታድ የራሳቸውን ጥላ እየተከተሉ በታጠቡት ወረቀቶች ላይ እንደገና ሊጽፉ፣ ሰጂዳ ደግሞ ክርናቸውን ከታች ደግፋ መንቀጥቀጡን በእጇ ልትውጥ። እሷ ከተነቃነቀች መስመሩ ይበላሻል። ስትተነፍስ ይቆጧታል። ወጥ ቤት ውኃ ሲንጠባጠብ ትሰማለች፤ መነሳት አይቻልም። መስኮቱ ላይ የጣት አሻራ ታያለች፤ መነሳት አይቻልም። "ታዱ፣ ሰውነቴን ጉንዳን ይወረዋል፣ ልጮህ እደርሳለሁ" ትለኝ ነበር። አሳዘነችኝ፤ ግን ሳቄም መጣ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ እንኳን አልቻለችም። ኦስታድ ብዕሩን አስቀምጠው "ሂጂ፣ ያንን ቧንቧ ዝጊና ተመለሺ" ይሏታል። በየካቲት ያ ትልቁ በረዶ ሲጥል መንገድ ተዘግቶ አራት ቀን እዚያው ቀረች። በእነዚያ ቀናት ሁለት ወረቀት ተጻፈ፤ አንዴም ለአርባ ደቂቃ ሳትነቃነቅ ተቀምጣ ኦስታድ ራሳቸው "በሕይወት አለሽ?" ብለው ጠየቋት።

በሚያዝያ አጋማሽ አሥራ አንድ አለቁ። አሥራ ሁለተኛውን ሰኞ ሊጀምሩ ነበር። እሑድ ደም ሥራቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈነዳ። ረቡዕ አረፉ። ሰጂዳ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ አይቻት፣ ልይዛት ብሞክር ገፈተረችኝ።

ከቀብሩ በኋላ መህናዝ ሁለታችንን ቤቱ ጠራችን። አሥራ አንዱን በየሥዕሉ ላይ ለጥፈናል። የመጨረሻው ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። የከተማ በር ያለበት ጠባብ መንገድ፣ አንዲት ግራጫ በቅሎ፣ ጀርባውን የሰጠን ሰው፣ በመካከሉ የወይዘሮ ቱራን ባዶ ቦታ።

"አንቺ ጻፊው ሰጂዳ" አለች መህናዝ። "አራት ወር ክንዱን ይዘሻል። አባባ በስልክ 'እጇ መስመሩን አውቆታል' ብሎኝ ነበር። ጥላውም አለልሽ። እናቴ ቦታው ባዶ እንዲሆን አልፈለገችም።"

ሰጂዳ ብዕሩን አነሳች። ቀለም ነከረች። እኔ እንደምትችል አውቃለሁ፤ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ጎድሎ አይታ ያለፈች ቀን የለም። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ የጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው፣ ሙጫውን ሳበች፣ የታጠበውን ወረቀት እንዳለ በባዶው ቦታ ላይ ለጠፈችው።

"ግን ባዶ ነው!" አለች መህናዝ።

"ባዶ አይደለም። ሌሎቹ እኔ ደግፌያቸው የተጻፉ ናቸው። ይሄ ግን ብቻቸውን የጻፉት ነው፣ እጃቸው በረጋበት ቀን። እኔ ቀለም ባደርግበት እሸፍነዋለሁ" አለች ሰጂዳ። ገጹን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛ ቀስ አድርጋ አዘነበለችው። መህናዝ ጠጋ አለች። ጣቷን ሳታስነካ እየተከተለች በፋርስኛ ማንበብ ጀመረች።

ሰጂዳ ገጹን እንደያዘች ተቀመጠች። "ምን ይላል?" አለች። በሁለት ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ ይህን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

መህናዝ እንባዋን እየጠረገች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልን። "'ነጋዴው ከሃያ ዓመት መንገድ በኋላ መጣ። በቅሎዋ በሩን አወቀችው፣ ቆመች። እሱ ግን የሰው ቤት መስሎት እንደ እንግዳ ቆሞ ያንኳኳል።' እዚህ ላይ ያበቃል።"

"ከፈቱለት?" አልኩ እኔ።

"አያቴም እናቴም አልተናገሩም። ተረቱ እዚህ ነው የሚያልቀው።"

"ምን ማለት ነው አልተናገሩም?" አለች ሰጂዳ። ገጹን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ፣ አንድ ሰው ሊከለክላት የመጣ ይመስል ሁለታችንንም ተቆጣችን። "ይከፍቱለታል እንጂ! የገዛ ቤቱ አይደል እንዴ?"